ሶኬቱን የነቀልኩ ዕለት

ተፈቀደልን! ባለፈው ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመለስ የወጣት ማዕከላችን ኃላፊ በር ላይ ጠብቀው ነገሩኝ። ከአሁን በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በኮምፒውተር ክፍሉ ጌም መጫወት ይቻላል። በስድስቱም ኮምፒውተሮች ላይ! ስድስቱም የሚሠሩት በዊንዶውስ ሳይሆን ሊኑክስ በሚባል ሲስተም ነው፤ ጌም የሚባል ነገር አይሄድባቸውም ሲባሉ የኖሩት እነዚያው። የቁስቋምን ዳገት ቦርሳዬ ጀርባዬ ላይ እየዘለለ በሩጫ ወጣሁት። መንገድ ላይ ሰላም ያሉኝን ሰዎች መልሼ ሰላም ማለቴን እንጃ።

ግን ደስታውን ብቻ ጽፌ ባቆም ውሸት ይሆንብኛል። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት፣ እናቴን ከሥራ አስባረርኳት ብዬ ሦስት ቀን ሙሉ ምግብ አልወርድ ብሎኝ ነበር።

እናቴ የማዕከሉ ጽዳት ሠራተኛ ናት። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ገብታ ሁሉንም ክፍል ታጸዳለች፤ የሁሉም ክፍል ቁልፍ ወገቧ ላይ ታስሮ ነው የሚውለው። የኮምፒውተር ክፍሉ የሚከፈተው ግን በሦስት ሰዓት ነው፣ ያውም መዝገብ ላይ ስም ተጽፎ። ከዚያ በፊት ሰው ማስገባት ክልክል ነው። ከእናቴ በፊት የነበረችው ጽዳት ቁልፉን ለዘመዷ ሰጥታ በተገኘች በሳምንቱ ተሰናብታለች። እናቴ ይህን ታሪክ ሥራ የጀመረች ቀን ነው የሰማችው፤ እኔም ስትነግረን ሰምቻለሁ።

እያወቀች ግን እኔን ታስገባኝ ነበር። ቤት ኮምፒውተር የለንም፤ «ለጥናት ነው» አልኳት፣ አመነችኝ። በሩን ትከፍትልኝና «ቶሎ በይ፣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ትወጫለሽ» ብላ ኮሪደሩን መወልወል ትጀምራለች። እኔ የማጠናው ጌም ነበር።

ሰፈራችን ውስጥ ጌም ቤት አለ። የመኪና እሽቅድድም የወደድኩት እዚያ በር ላይ ቆሜ ነው። ገብቼ ግን አላውቅም፤ ውስጡ በወንዶች ጢም ያለ ነው። አንዴ አንዱ ከወንበሩ ሳይነሳ ዞር ብሎ «እህት፣ ወንድምሽን ነው የምትፈልጊው?» አለኝና ሁሉም ሳቁ። ከዚያ በኋላ በዚያ በኩል ሳልፍ እንኳን ወደ ውስጥ አላይም።

የማዕከሉ ኮምፒውተሮች ድሮ ዊንዶውስ ነበሩ። ከየሰው ፍላሽ የሚገባው ቫይረስ አደከማቸው፣ አዲሱን ዊንዶውስ ደግሞ መሸከም አቃታቸው። ቴክኒሻኑ ሁሉንም ጠራርጎ ሊኑክስ ጫነባቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ክፍሉ ባዶ ሆነ፤ ጌም የለውማ! ትምህርት ቤት አብራኝ የምትቀመጠው ጓደኛዬ፣ የሸጎሌዋ ልጅ፣ ሙከራዬን ስነግራት እንዴት እንደሳቀችብኝ አልረሳውም።

«ሊኑክስ ላይ ጌም? ሂጂ እዛ!»

«ይሄዳል አልኩሽ።»

«እሱማ ይሄዳል። የካርታ ጨዋታ!»

ግን እውነቴን ነበር። ለዊንዶውስ የተሠራ ጌም ሊኑክስ ላይ ሲከፈት የሁለቱ ቋንቋ አይገጥምም፤ በመሃል ቁጭ ብሎ የሚያስተረጉምላቸው ፕሮግራም ግን አለ። እሱንም፣ በነፃ የሚሰጥ አንድ የእሽቅድድም ጌምም አራተኛው ኮምፒውተር ላይ ጫንኩ። ለመጫን የሚጠየቀውን ፓስወርድ ቴክኒሻኑ ራሱ በወረቀት ጽፎ ስክሪኑ ጀርባ ላይ ለጥፎት ነበር። አልሰረቅኩም፤ እ... ማለቴ፣ ማንበብ መስረቅ ካልሆነ። መጀመሪያ ምንም አልተከፈተም። በሁለተኛው ሳምንት ድምፅ ብቻ መጣ። በሦስተኛው ምስሉም መጣ፤ ግን መኪኖቹ ጎማ የላቸውም፣ መንገዱ የለም፣ ጥቁር ነገር ላይ ይንሳፈፋሉ። ኢንተርኔት ላይ ስጠይቅ ምስሉን የሚያወጣው ፕሮግራም፣ የግራፊክስ ድራይቨሩ፣ አሮጌ ስለሆነ ነው፣ ሲስተሙን አፕዴት አድርጊ፣ አድሺው አሉኝ።

ማክሰኞ ጠዋት አፕዴቱን ጀመርኩ። ስክሪኑ ላይ ነጫጭ መስመሮች ይወርዳሉ፣ ከታች መቶኛው ይቆጥራል። ስልሳ ላይ ሲደርስ የክፍሉ አምፖል ብልጭ ድርግም አለ። አንዴ። ደግሞ አንዴ።

ቤታችን አንድ ሕግ አለ። መብራት ብልጭ ድርግም ካለ ሁሉም ነገር ይነቀላል። አምና ፍሪጃችን የተቃጠለው ሳንነቅለው ቀርተን ነው፤ መብራቱ ሄዶ ሲመለስ ኃይል ጨምሮ መጣና ቤቱ ጭስ በጭስ ሆነ። ከዚያ ወዲህ እናቴ የትም ብትሆን ትጮኻለች፣ እኔ እሮጣለሁ።

«ንቀዪ! ንቀዪ!» አለች ከኮሪደሩ።

እጄ ከሐሳቤ ቀደመ። ሶኬቱን ነቀልኩት።

መብራቱ አልሄደም።

መልሼ ሰካሁት። ስክሪኑ ጥቁር ሆነ፤ ከዚያ ነጭ ጽሑፍ፣ ብዙ ነጭ ጽሑፍ፣ ከዚያ ቀጥ። ከታች አንዲት ትንሽ ሰረዝ ብቻ ትበራለች፣ ትጠፋለች። አጠፋሁት፣ አበራሁት። ያቺው ሰረዝ።

እናቴ መወልወያዋን እንደያዘች ብቅ አለች። «ነቀልሽ?»

«አዎ።»

«ጎሽ! ንብረት ተረፈ።» ደስ ብሏት ወደ ኮሪደሩ ተመለሰች።

አራተኛውን ኮምፒውተር አጥፍቼ ጨርቁን አለበስኩትና ወጣሁ። ያን ቀን ክፍል ውስጥ ምን እንደተማርን አላውቅም። ከሰዓት ተመልሼ ስገባ ስክሪኑ ላይ «አይሠራም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ ኃላፊዋና እናቴ ፊቱ ቆመዋል።

«ትናንት ስዘጋ ደህና ነበር፣ ዛሬ ስከፍት በድን ሆኖ አገኘሁት» ይላሉ ኃላፊዋ። «ማን ነካው? አይጥ ነው?»

«እኔ አቧራውን ነው የጠረግኩት፣ እትዬ።»

«በምን?»

«በጨርቅ።»

«በደረቅ ነው በእርጥብ?»

«ጨምቄዋለሁ እኮ» አለች ቀስ ብላ።

«እሺ። ሐሙስ ቴክኒሻኑ ይመጣል። ሊኑክስ የተደረገውን ሁሉ ከነሰዓቱ ይመዘግባል ብሎኛል። ማን መቼ እንደነካው ያወጣዋል፤ ያን ጊዜ እንነጋገራለን።»

በር ላይ ቆሜ ይህን ሰማሁ። ከነሰዓቱ! ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ጌም የጫነ፣ አፕዴት የጀመረ፣ የነቀለ። በአንድ ሰዓት ደግሞ ማዕከሉ ውስጥ ቁልፍ ይዛ የምትገኝ አንዲት ሰው ብቻ ናት።

ቤት ስንገባ እናቴ እጆቿን አገላብጣ ታያለች። «ውሃ ገብቶበት ይሆን? ከጀርባው ያሉትን ቀዳዳዎች ጠርጌያለሁ።»

«አይመስለኝም፣ እማ።»

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ!»

ሁሉንም አውቅ ነበር። ራቴን እንደነገሩ ነካክቼ ወደ ግድግዳው ዞሬ ተኛሁ።

ረቡዕ ጠዋት «ላስተካክል» ብዬ አስቤ አብሬያት ሄድኩ። እናቴ ግን በሩ ላይ እጇን ዘርግታ ከለከለችኝ። «ነገሩ ሳይጣራ ማንም አይገባም። አንቺንም ጭምር።» ያቺ አንድ ቀዳዳዬም ተዘጋች።

በእረፍት ሰዓት ጓደኛዬ ፊቴን አይታ «አመድ መስለሻል፣ ማን ሞተ?» አለችኝ። ነገርኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ አልሳቀችም።

«ዝም በይ በቃ» አለች። «ኮምፒውተር ነው፣ አፍ የለውም።»

«አለው! ሁሉን ነገር ከነሰዓቱ ነው የሚጽፈው።»

«አይ አንቺ! ከስንቱ ኮምፒውተር ለፍላፊውን መረጥሽ?»

ግን የስልኳን ኢንተርኔት አካፈለችኝ። አፕዴት መሃል ላይ የተቋረጠባቸው ሰዎች የጻፉትን አነበብኩ። አንዱ ሁሉ ነገር ጠፋብኝ ይላል። ሌላው ግን አሮጌው ሲስተም ከሥር እንደሚቀመጥ፣ ኮምፒውተሩ ሲበራ ከሚመጣው ዝርዝር እሱን መርጦ መግባት እንደሚቻል፣ ከዚያ ያልተጨረሰውን አፕዴት የሚያስጨርስ አንዲት መስመር ትዕዛዝ እንዳለች ጽፏል። ትዕዛዟን ደብተሬ ላይ ገለበጥኳት። አሥር ጊዜ ያህል አነበብኳት። እኔ ከሁለቱ የትኛውን እንደምሆን ግን ማን ይንገረኝ?

ማታ እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች «ነገ ቴክኒሻኑ ሳይመጣ ቀድሜ ለእትዬ እነግራቸዋለሁ» አለች። «በእርጥብ ጨርቅ የጠረግኩት እኔ ነኝ፣ ባለማወቅ ነው፣ ይማሩኝ እላለሁ። እግራቸው ላይም ቢሆን እወድቃለሁ።»

እናቴ እኔ ላጠፋሁት እግር ላይ ልትወድቅ!

«እማ፣ ጨርቁ አይደለም።»

«እ?»

«እኔ ነኝ። ጌም እየጫንኩ ነበር። አፕዴት ጀምሬ መሃል ላይ ነቀልኩት።»

ቢላዋው ቆመ። «ጥናት ነው ያልሽኝ።»

«ዋሸሁሽ።»

በጥፊ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። ቢላዋውን አስቀምጣ አየችኝ። ከዚያ የሆነ ነገር ትዝ አላትና «ንቀዪ ብዬ የጮኽኩትስ እኔው!» ብላ መሳቅ ጀመረች፤ ሳቁ ግን መሃል ላይ ቆመና ዓይኗን በክንዷ ጠረገች። ሽንኩርቱ ይሁን ሌላ፣ አልጠየቅኳትም። «ነገ አብረን እንገባለን» አለች። «የምትናገሪው ግን አንቺ ነሽ።»

ሐሙስ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ኃላፊዋ፣ ቴክኒሻኑ፣ እናቴና እኔ አራተኛው ኮምፒውተር ፊት ቆመናል። ተናገርኩ። ምን ቃል እንደተጠቀምኩ አላስታውስም፤ ድምፄ የሌላ ሰው መስሎኝ እንደነበር ብቻ ነው የማስታውሰው። ኃላፊዋ እኔን አላዩኝም። እጃቸውን ወደ እናቴ ዘርግተው «ቁልፉን ስጪኝ» አሉ።

እናቴ ከወገቧ ፈታችው። ቋጠሮው ጠብቆ አልፈታ ብሏት ነበር፤ ያቺ ደቂቃ አላልቅ አለችኝ። ቁልፎቹ ጠረጴዛው ላይ ሲያርፉ፣ በቃ፣ አለቀ አልኩ።

«ቆይ እትዬ፣ መጀመሪያ እንየው» አለ ቴክኒሻኑ። ወደ እኔ ዞረ። «ስንት ላይ ነው የነቀልሽው?»

«ስልሳ።»

«ወይ ጉድ! አንጀቱን ዘርግቶ ሳለ ማለት ነዋ።»

«እንዴት እንደሚስተካከል አንብቤያለሁ፣ ጋሼ» ስል ራሴን ሰማሁት።

ቅንድቡን አነሳ፤ ወንበሩን ሳበልኝ። «በይ ቁጭ በይ። ከነካካሽ ጨርሺው።»

ዝርዝሩ መጣ። አሮጌውን መረጥኩ። ተነሳ! ትዕዛዟን ስጽፍ ቸኩዬ አንድ ፊደል ዘለልኩ፤ ኮምፒውተሩ አላውቀውም አለኝ። እንደገና ጻፍኩ። መስመሮቹ መውረድ ጀመሩ። ዞር ስል እናቴ አምፖሉን ሽቅብ በዓይኗ ይዛው ቆማለች፣ ዓይኗን ብትነቅልበት የሚጠፋ ይመስል።

አለቀ። አጥፍቼ አበራሁት፤ አራተኛው ኮምፒውተር እንደ ድሮው ተነሳ። እፎይ ሳልል ግን የኃላፊዋ ጣት ስክሪኑ ላይ አረፈ።

«ይቺ ቀይ መኪና ምንድናት?»

«ጌሙ ነው።»

«ክፈቺው።»

ይህንንስ ባልተባልኩ! ከፈትኩት። መንገድ መጣ፣ ዛፍ መጣ፣ መኪኖቹ ተሰለፉ። «ጎማ አላቸው!» ብዬ ጮኽኩ፣ የት እንዳለሁ ረስቼ።

«መኪና ጎማ ከሌለው ምን ሊኖረው ነው?» አለ ቴክኒሻኑ። ኃላፊዋ አልሳቁም። እናቴንና እኔን ወደ ውጭ አስወጡን።

ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። በሩ ተዘግቷል፤ ድምፅ ይሰማል፣ ቃሉ ግን አይለይም። አንዴ «ስንብት» የሚል የሰማሁ መሰለኝ። የእናቴን እጅ ልይዝ ፈልጌ ፈራሁ። እሷው ሳታየኝ ያዘችኝ።

ኃላፊዋ ሲወጡ ወረቀት ይዘዋል። ማስጠንቀቂያ ነው። የኮምፒውተር ክፍሉ ቁልፍ ከእንግዲህ እሳቸው ጋ ብቻ ይውላል፤ ጽዳቱም እሳቸው ባሉበት ይሆናል። ሁለተኛ ያለ ሰዓቱ ሰው ከተገኘ ግን ስንብት ነው። የቀሩትን ቁልፎች መለሱላት። እናቴ ወረቀቱን ስትፈርም እኔ አለቀስኩ፤ እሷ አላለቀሰችም።

ልንሄድ ስንል ነው ኃላፊዋ ቴክኒሻኑን «ይሄ ነገር ስድስቱም ላይ ይሄዳል?» ብለው የጠየቁት። ክፍሉ ሰው ስለማይገባበት መጋዘን ይሁን ተብሎ ከበላይ እንደታዘዙ ያን ቀን ነው የሰማሁት፤ ጌም ካለ ግን ሰው ይመጣል። እስከ ቀጣዩ ሐሙስ ቴክኒሻኑ ሁሉንም አስተካከለ፤ እኔም ከሦስት ሰዓት በኋላ፣ ስሜን ጽፌ፣ አገዝኩት። ፓስወርዱም ከስክሪኑ ጀርባ ተነሳ።

እና ቅዳሜ ኑ። ስለ ሊኑክስ ምንም ማወቅ አያስፈልግም። ሁሉም ጌም ይሄዳል ብዬ አልዋሻችሁም፤ ኢንተርኔት ላይ ብዙ ሰው የሚጋጠምባቸው አንዳንዶቹ አጭበርባሪ ተጫዋች የሚይዝ ዘበኛ ፕሮግራም አላቸው፣ እሱ ሊኑክስ ሲያይ በሩን ይዘጋል። እሽቅድድሙ፣ ኳሱና እንቆቅልሾቹ ግን ደህና አድርገው ይሄዳሉ። የማይሄድ ካመጣችሁም አብረን እንሞክረዋለን። ከሦስት ሰዓት በፊት ግን አትምጡ፤ ኮሪደሩን የምትወለውለዋን ሴት ክፈቺልን ብላችሁ እንዳታስቸግሯት። ሦስት ሰዓት ሲሆን መዝገቡ ላይ ስማችሁን ጽፋችሁ ግቡ፣ እኔ ውስጥ ነኝ።