ብርድ ወሽመጥና ሙቅ ወሽመጥ

ኢርሜሊ ቀናተኛ ሴት አልነበረችም፤ የእሷን ሥራ የሚመኝ ሰው ስላልነበረ የምትቀናበት ምክንያት አላገኘችም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በሃውኪኒየሚ መንደር የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ዙሪያ ካለው ባሕር ሣር ስትነቅል፣ ዓሣ ስትሰበስብና ጭቃ ስትዝቅ ኖረች። ያመጣችውን ታደርቀዋለች፣ ትፈጨዋለች፣ ከዚያ ጨረር የሚቆጥረው መሣሪያ ውስጥ ትከተዋለች። የሚወጣው ቁጥር ሁልጊዜም ኢምንት ነው። ኢምንት መሆኑን ግን በየዓመቱ አንድ ሰው ማረጋገጥ አለበት፤ ያ ሰው እሷ ነበረች። የዓሣው ሽታ ከእጇ ስለማይለቅ የጎረቤት ድመቶች ከባለቤቶቻቸው ይልቅ እሷን ይወዷታል።

ታዲያ በዚያ ዓመት ማመንጫው ነዳጁን ሊለውጥ አሰበ። አዲሱ ዩራኒየም ከቀድሞው ጠንከር ያለ ነው፤ የዩራኒየም ዘንጎቹም የኒውክሌር ማብላያው ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያሉ። ይህ ከመፈቀዱ በፊት በባሕሩ፣ በዓሣውና በሰው ላይ ምን ያመጣል የሚለው ተጠንቶና ተጽፎ ለአገሬው ሕዝብ በአዳራሽ መነበብ አለበት። ነዳጁ ሲለወጥ የሚጨመር ነገር ካለ የሚታወቀው እስከ ዛሬ ከነበረው ጋር ሲነጻጸር ነው፤ እስከ ዛሬ የነበረውን የለካችው ደግሞ ኢርሜሊ ናት። ስለዚህ ጥናቱ ያለ እኔ ለማን ይሰጣል ብላ በሆዷ ጨርሳ ነበር።

የተሰጠው ለዶክተር ታይካ ነው። ታይካ ከሄልሲንኪ የመጣች የሠላሳ ሦስት ዓመት ወጣት ናት። ምናለበት ክፉ በሆነች! እሷ ግን ጥሩ ልጅ ሆና አረፈችው። በመጀመሪያው ቀን ራሷ የጋገረችውን የብሉቤሪ ኬክ ይዛ መጣች። ኢርሜሊ "ጣፋጭ አልወድም" ብላ ገፋችው፤ የጀልባው ነጂ ኦስሞ ግን ሦስት ቁራጭ በላ። ኢርሜሊ ሦስቱንም ቆጠረች።

ይህ ኦስሞ ከኢርሜሊ ጋር ሃያ ዓመት በአንድ ጀልባ ሲወጣ ሲገባ፣ ከ"እሺ" እና ከ"ንፋስ አለ" ሌላ ብዙም የተናገረ ሰው አልነበረም። ታይካ ከተሳፈረች ወዲህ ስለ ማዕበሉ፣ ስለ አባቱ፣ ስለ ውሻው ሳይቀር ያወራ ጀመር። ኢርሜሊ ከኋላ ተቀምጣ ባልዲዋን አቅፋ እየሰማች ድብን አለች።

አንድ ቀን ታይካ ከጀልባው ወርዳ ስትሄድ ጠብቃ፣ "ዛሬ ምላስህ ተፈታ እኮ" አለችው።

"ልጅቷ ትጠይቃለች።"

"እኔስ አልጠይቅህም?"

"አንቺ? አንቺ ታዢያለሽ እንጂ መች ትጠይቂያለሽ" አለና ገመዱን ማሰሩን ቀጠለ። በክፋት አልነበረም፤ ለዚህ ነው የባሰ ያመማት።

ታይካ የድሮውን ቁጥር ለማየት የኢርሜሊን ደብተሮች ተዋሰች። ሃያ አራት ደብተር ነው፤ ሁሉም በእጅ የተጻፈ፣ ጨው የነካው። ናሙናው የተወሰደበት ቦታ በየገጹ ከሁለት ቃል በአንዱ ተጽፏል፤ "ሙቅ" ወይም "ብርድ" ይላል። አንዱ ሣር ማመንጫው የሞቀ ውሃውን ከሚደፋበት የባሕር ወሽመጥ የተነቀለ ነው፤ ሌላው ማነጻጸሪያ እንዲሆን ራቅ ካለው። እንግዲህ ለማያውቅ ሰው ሙቁ የቱ እንደሆነ ግልጽ ይመስላል። ሃውኪኒየሚ ለተወለደ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ብርድ ወሽመጥ ይህን ስም ያገኘው ማመንጫው ሳይታሰብ፣ በረዶው እስከ ግንቦት አልቀልጥ እያለ ዓሣ አጥማጁን ባስለቀሰበት ዘመን ነው። ማመንጫው መጥቶ ሙቅ ውሃውን እዚያው ሲለቅበት ወሽመጡ ሞቀ፤ ስሙ ግን ብርድ እንደሆነ ቀረ። ከማመንጫው የራቀው ሙቅ ወሽመጥ ደግሞ የጠዋት ፀሐይ ስለሚያገኘው ሙቅ ተባለ እንጂ፣ በጥር በረዶ ሆኖ በላዩ መኪና ይነዳበታል።

ታይካ ሙቁ የማመንጫው ጎረቤት መስሏት፣ ሙቁን ሙቅ፣ ብርዱን ብርድ ብላ ጻፈችው።

ረቂቁ ሲያልቅ ለኢርሜሊ ይዛላት መጣች። "አንቺ ሳታዪው አይወጣም። የተሳሳትኩት ካለ በእርሳስ አስምሪበት፤ አትማሪኝ" አለቻት።

ኢርሜሊ የሳልሞን ሾርባዋን ፊቷ አድርጋ ማንበብ ጀመረች። ሠንጠረዡ ላይ ስትደርስ ማንኪያው እጇ ላይ ቀረ። ከማመንጫው ደጃፍ የተነቀለው ሣር ንጹሕ፣ ከሩቁ የተነቀለው በጥቂቱም ቢሆን ጨረር የበዛበት ሆኖ ተቀምጧል! ያም አልበቃ ብሎ ታይካ ነገሩ ግራ ስለገባት የባሕሩን ሞገድ አቅጣጫ እየጠቀሰች፣ ይህ ለምን እንደሆነ በአንድ ገጽ ሙሉ አብራርታዋለች። ያልሆነው ነገር ለምን እንደሆነ የሚያስረዳ እንዲህ ያለ ያማረ ጽሑፍ ኢርሜሊ በዕድሜዋ አላየችም። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

እርሳሷን አነሣች። አራተኛው ገጽ ላይ የተዘለለች አንዲት ነጠላ ሰረዝ አስገባችና መለሰችላት።

"ሌላስ?" አለች ታይካ፤ በጣም ደስ ብሏት።

"ዶክተሯ አንቺ ነሽ።"

እስከ ጉባኤው ሁለት ሳምንት ነበር። ዝም አይነቅዝም እያለች ራሷን አጽናናች። ይህን ተረት ያወጣው ሰው በቅናት ዝም ያለ ሰው አላጋጠመውም ማለት ነው። ሁለት ጊዜ ለመናገር ወደ ታይካ ቢሮ ሄዳ ነበር። አንደኛው ቀን ታይካ ስልክ ላይ ነበረች፤ ሁለተኛው ቀን ኦስሞ ወንበር ስቦ ተቀምጦ የውሻውን ፎቶ ሲያሳያት አገኘችውና ከበሩ ተመለሰች።

የጉባኤው ቀን ቅዳሜ ረፋድ ላይ የመንደሩ አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። ኢርሜሊ ለሠርግ የምትለብሰውን ሰማያዊ ሹራብ ለብሳ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠች። ታይካ ስለ አዲሱ ነዳጅ በቀላል ቋንቋ አስረዳች፤ ሰዉም ራሱን እየነቀነቀ ሰማት። ከዚያ ሠንጠረዡ ግድግዳው ላይ በራ።

ሽማግሌው ዓሣ አጥማጅ ኡርሆ እጁን አወጣ። ኢርሜሊ በየዓመቱ ለምርመራ የምትወስደው ዓሣ ከእሱ መረብ ነው። "አንቺ ልጅ፣ ከማመንጫው የራቀው ብርድ ወሽመጥ ነው ያልሽው?"

"አዎ፣ ማነጻጸሪያው እሱ ነው።"

"እኔ እኮ በጥር በጀልባ የማሰግረው እዚያ ነው! ፍል ውሃቸውን የሚደፉት እላዩ ላይ ነው። ስሙን ሰምተሽ ካፖርት ልታለብሺው ነው እንዴ?"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። "ሙቅ ወሽመጥ ላይ ደግሞ ዋና ልታስተምረን ነው!" አለ አንዱ ከኋላ። ኢርሜሊም ከሁሉ በላይ ሳቀች። ሁለት ሳምንት የጠበቀችው ሳቅ ነው።

ከዚያ አንዲት እናት ሕፃኗን እንዳቀፈች ተነሣች። እሷ አልሳቀችም። "ቆይ እስቲ፣ ሙቁን ከቀዝቃዛው ካልለዩ ሌላውን ቁጥር በምን እንመን? ሠላሳ ዓመት ሙሉ ምንም የለም ሲሉን የኖሩት የቱን ወሽመጥ ለክተው ነው?"

ሳቁ ቆመ። "እውነቷን ነው" አለ አንዱ። "ማን ነው የለካው?" አለ ሌላው። ኢርሜሊ ፊቷ ላይ የቀረውን ፈገግታ የምታደርግበት አጣች። ለታይካ ያሰበችው ውርደት አልፎ ሄዶ የእሷኑ ዕድሜ ልክ ሥራ እየመታ ነበር።

ታይካ አመድ መስላለች፤ ድምፅዋ ግን አልተንቀጠቀጠም። "ቁጥሮቹ ትክክል ናቸው። የለካችው ኢርሜሊ ናት፤ አንድም ቀን አልተሳሳተችም። ስሞቹን ያገላበጥኩት እኔ ነኝ፣ ማንንም ሳልጠይቅ።"

ኡርሆ ዞር አለ። "ኢርሜሊ፣ አንቺ ይህን ወረቀት ከዛሬ በፊት አላየሽውም?"

"አላየችውም" አለች ታይካ ቀድማ።

ኢርሜሊ ቀና ብላ አየቻት። ልጅቷ ልታድናት እየዋሸች ነው። ዝም ብትል ትድናለች። ግን በደግነትም በልጣት ልትሄድ ነው፤ ይህ ደግሞ ከሁሉም የማይዋጥ ነበር። ከሐቀኝነት ይሁን ከዚያው ከቅናቷ እስከ ዛሬ አታውቀውም፤ ብቻ ተነሥታ ቆመች።

"አይቼዋለሁ" አለች።

"ስህተቱንስ?"

"እሱንም አይቼዋለሁ። አስተካክዪልኝ ብላ ሰጥታኝ ነበር።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"ቀንቼ ነው።"

ኡርሆ ባርኔጣውን ከጉልበቱ ላይ አነሣ። "እሷ ስላላወቀች ተሳሳተች። አንቺ እያወቅሽ እኛን አሳሳትሽ። ከእንግዲህ ዓሣ ከሱቅ ግዢ" አለና ወጣ። ብዙ ሰው ተከተለው።

ጥናቱ አንድ ዓመት ዘገየ። ሰዉ የኢርሜሊን ቁጥር አንቀበልም ስላለ ከሌላ ከተማ ባለሙያዎች መጥተው ሁለቱንም ወሽመጥ እንደገና ለኩ። ኦስሞ በጀልባው አመላለሳቸው፤ ኢርሜሊ ከዳር ሆና አየቻቸው። ውጤቱ በዚያው አዳራሽ ሲነበብ፣ ከእሷ ቁጥር ጋር በአንዲት ነጥብ እንኳ አልተለያየም፤ ኢምንት ነበር። ሕዝቡ እፎይ አለ፤ እናቲቱም ባለሙያዎቹን እጃቸውን ይዛ አመሰገነች። ኢርሜሊ ሠላሳ አንድ ዓመት የነገረቻቸው ያንኑ ነበር።