የአባቴ ቫልቭ

ሆሳዕና ውስጥ እንደኔ ባጃጅ የሚነዳ ካለ ይምጣና ይሞክረኝ። ትምህርት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው የተውኩት። ግን አዲስ አበባ ያለው ሐኪም የአባቴን ሳንባ ሲያስረዳ ከቤተሰቡ ነገሩ የገባኝ እኔ ብቻ ነኝ። ኮሌጅ የጨረሰው ወንድሜ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ራሱን ይነቀንቅ ነበር።

አባቴ ወታደር እያለ ሲጋራ ያጨስ ነበር። ጌታን ሲቀበል ተወው፣ ሳንባው ግን ቀድሞ ተቃጥሏል። ሐኪሙ ኤምፊዚማ ነው፣ በጣም ገፍቷል አለን። የተበላሸው የሳንባ ክፍል አየር ያስገባል፣ መልሶ ግን በደንብ አያስወጣም። እንደ ፊኛ ተነፍቶ ደህናውን ይጫነዋል። ሌላ አገር ደረት ሳይቀድዱ በአፍ ቀጭን ቱቦ ያስገቡና ወደ ተበላሸው ክፍል በሚወስደው መንገድ ላይ ትናንሽ ቫልቮች ያስቀምጣሉ። ቫልቩ አየር ያስወጣል፣ አያስገባም። የተነፋው ይሟሽሻል፣ ደህናው ቦታ ያገኛል።

የተገለበጠ የጎማ ቫልቭ ማለት ነዋ ስለው ሐኪሙ ሳቀ፣ በትክክል አለኝ። ወንድሜን ዞር ብዬ አየሁት።

የት ነው የሚሠራው ስል ግን ሳቁ ቆመ። እዚህ አንሠራውም አለ። ውጪም ቢኬድ ለሁሉም በሽተኛ አይሆንም፣ ብዙ ምርመራ አለው። ለጊዜው የሚሳበውን መድኃኒት እንዳያቋርጥ፣ ጭስ እንዳይጠጋው፣ የታፈነ ቤት ውስጥ እንዳይቀመጥ ነግሮ ሸኘን። የስልክ ጌጥ በየሱቁ የሚያስመጣ አገር፣ የጣት ጫፍ የማታህል ቫልቭ አቃተው። መንገዱን ሙሉ ስናደድ መጣሁ።

ዋናው ንዴት ግን ቤት ነው የጠበቀኝ። እኛ ጋ ሰው ታሞ ከአዲስ አበባ ተመለሰ ከተባለ አለመጠየቅ ነውር ነው። ከሀቢቾ መጡ፣ ከቦኖሻ መጡ፣ የእናቴ ወገኖች ከዱራሜ መጡ፣ ጸሎት ቤቱ እንዳለ መጣ። የገባ ሁሉ ብርድ እንዳይመታው ብሎ መስኮት ይዘጋል። አክስቴማ አልጋው ሥር ከሰል አቀጣጥላ አስቀመጠችለት። ከዛ ከበውት ይጸልያሉ። ቀድሞ የወጣ አልወደደውም ስለሚባል ማንም አይነሳም። አባቴ መሀላቸው ትከሻው ከፍ ዝቅ ይላል፣ ከንፈሩ ጠቁሯል፣ አንድ ቃል ተናግሮ ሁለተኛውን ያጣዋል። ደግሞ ይሉኝታው፣ እንግዳ በገባ ቁጥር ፈገግ ይላል። እኔ መስኮት እከፍታለሁ፣ ከኋላዬ አንዱ ይዘጋል።

በር ላይ ቆሜ ሳየው ቤታችን ራሱ የአባቴ ሳንባ ሆኗል። ሰው ይገባል፣ አይወጣም።

ከሰሉን አንስቼ ደጅ ጣልኩት። በርጩማ አመጣሁና በሩ ላይ ተቀመጥኩ። መውጣት ይቻላል፣ መግባት የለም አልኩ። አክስቴ ሰይጣን ገባበት ብላ ጮኸች። ወዲያው ከጸሎት ቤቱ ሽማግሌዎች አንዱ መጡ፣ ሲጸልዩ ድምፃቸው ገበያ ድረስ የሚሰማው።

"አንተ ልጅ፣ ከመቼ ወዲህ ነው በበሽተኛ ቤት ዘበኛ የሚቆመው?"

"ዘበኛ አይደለሁም ጋሼ። ቫልቭ ነኝ።"

ማንም አልሳቀም። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ቀስ ብለው፣ "ነገ አባትህ አንድ ነገር ቢሆን፣ በዚህ በር ማን የሚመጣ ይመስልሃል?" አሉኝ።

ይሄ እኛ ጋ ቀልድ አይደለም። ቀባሪ የሌለው ሰው መሆን ማለት ነው። እኔም ቀልዴ አለቀ።

"ብቻዬን እቀብረዋለሁ። አሁን ግን ይተንፍስ።"

ጸቡን ለማየት ከውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እየተጋፋ ወጣ። ጸሎት ያላስነሳውን ወሬ አስነሳው። ቤቱ ባዶ ሲሆን ወንድሜ፣ መማሩ አንዴ እንኳን የጠቀመው ያኔ ነው፣ መስኮቶቹን በሙሉ ከፈታቸው። ደጅ ላይ እየተሰዳደብን ትንሽ ቆየን። ከዛ ከውስጥ የአባቴ ድምፅ መጣ።

"ወንበሬን አውጡልኝና ደጅ አብረን እንጸልይ።"

ሳያቋርጥ። ከመጣን ጀምሮ አንድ ሙሉ ነገር ሳያቋርጥ ሲናገር አልሰማሁትም ነበር። አክስቴም ገባት መሰለኝ፣ አፏን ያዘች። ወንበሩን ተሸክመው የወጡት ሽማግሌው ራሳቸው ናቸው። አሁን ደጅ መጸለይ የሳቸው ሐሳብ እንደነበር ለሰው ይናገራሉ። ይናገሩ።

እኔን የሚያንገበግበኝ፣ የውጪው ቫልቭ አንዴ ከገባ ሥራውን ይሠራል። አባቴ ያለው ቫልቭ ግን እኔ ነኝ፣ እኔ ደግሞ ባጃጅ እነዳለሁ። ትናንት ከሥራ ስመለስ መስኮቱ ተዘግቶ አገኘሁት።