የእናቴ ኮቴ

አባቴ ዓይኑን ያጣው እኔ ልጅ ሳለሁ ነው። በለስ ወንዝ ዳር የምትናከሰው ዝንብ ናት የወሰደችበት ይላሉ። ከዚያ ወዲህ ፓዌን የሚያያት በጆሮው ነው። የጉሙዟ ጎረቤታችን ከገበያ ስትመለስ በትከሻዋ ያጋደመችው የሸክም እንጨት ሲጢጥ ይላል። እሷ ገና ከመንገዱ ማዶ ሳለች «ዛሬስ ከብዷታል» ይላል አባቴ። እናቴን ደግሞ በኮቴዋ ያውቃታል። ጉልበቷን ስለሚያማት ግራ እግሯን ትጎትት ነበር። ጧ፣ ሸርተት። ጧ፣ ሸርተት።

እናቴ ሞታ ለአርባዋ ከምሠራበት ከአሶሳ ስመጣ አባቴ ቆዳና አጥንት ሆኖ ጠበቀኝ። እህል አልቀምስም ብሏል። ለመንኩት፣ አለቀስኩበት። እኔ እንደሁ ቁጣ ይቀድመኛል፤ «እሷን ቀበርን፤ አሁን ደግሞ አንተን ልቅበር?» ብዬ ጮኽኩበት። ያ ቃል እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

ሌላም ጥፋት አለብኝ። እንደ ወጉ ልብሷን ሁሉ ለነዳያን ሰጠሁ፤ እሱን ሳልጠይቅ። በማግስቱ ከአልጋው ራስጌ ያለውን ግድግዳ ሲዳብስ አገኘሁት። ነጠላዋ የሚሰቀልበት ሚስማር ባዶ ነበር።

«ሽታዋንም ሰጠሽው?» አለኝ።

ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! የቀረው ማንም የማይፈልገው አሮጌ ኮንጎ ጫማዋ ብቻ ነበር፤ በሩ ጥግ ተጥሏል።

ልሄድ አንድ ቀን ሲቀረኝ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ አባራ። ጫማዬ ጭቃ ስለጠጣ ኮንጎውን አጥልቄ ውሃ ልቀዳ ወጣሁ። የግራው ተረከዙ ተቀዷል፤ እንዳይወልቅብኝ እየጎተትኩ መራመድ ነበረብኝ። ምን እያደረግኩ እንደሆነ ልብ አላልኩም። ስመለስ በረንዳው ላይ የተቀመጠው አባቴ ቀና አለ። ፊቱ በራ።

«መጣሽ? ምነው ቆየሽ?»

ክው አልኩ። ልናገር ብል ድምፄ የእሷ አይደለም፤ ጫማውን ላውልቀው ብል ያ ፊት ይጠፋል። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ዞር ብዬ ከኋላዬ አየሁ። ማንም የለም።

ውሃውን ዝም ብዬ አቀበልኩት። እጄን ከነጣሳው ያዘና መዳፌን በአውራ ጣቱ ዳበሰው። የእናቴ መዳፍ ዶማ ያሻከረው ነበር፤ የእኔ የቢሮ ነው።

«አንቺ ነሽ» አለ። ፊቱ ጠፋ።

«ይቅር በለኝ አባዬ፣ አሁን አወልቀዋለሁ።»

«ተይው።» ውሃውን ጠጣ። ጣሳውን መለሰልኝና «እስኪ ገንፎውን አምጪልኝ። ከዚያ ተመላለሺ» አለኝ።

ጠዋት ያገነፋሁትን፣ የቀዘቀዘውን፣ ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት። ከደጃፉ እስከ ማንጎው ዛፍ፣ ከማንጎው እስከ ደጃፉ ተመላለስኩ። ጧ፣ ሸርተት። ማጅራቴ ላይ የሆነ ሰው የሚተነፍስ ይመስለኝ ነበር። ፈራሁ፤ ግን አላቆምኩም። አባቴ አንገቱን ደፍቶ ያዳምጣል። ከዚያ ጣቶቹን ወደ ገንፎው ሰደደና ጎረሰ። እሰይ! ልቤ ዘለለ፤ ሳላስበው እርምጃዬን አፈጠንኩ።

«ቀስ በይ እንጂ» አለኝ እያላመጠ፤ «እሷ እንዲህ አትቸኩልም።»