ልጄ ጉግስ የተማረበት በጋ

ባሌ ከዘመቻ ሳይመለስ ሲቀር መሬታችንም አብሮት ሊሄድ ሆነ። ማደሪያ ነው፤ በፈረሰኝነቱ የተሰጠው። የጦር አለቃው ከደብረ ታቦር የላኩብኝ መልእክተኛ ቃሉን አላስረዘመም።

«ከጥምቀት በፊት ልጅሽ በሜዳው ጉግስ ይጫወት። ፈረሰኛ ከወጣው መሬቱ የእናንተ ነው። ካልወጣው ለሌላ ይሰጣል።»

ልጄ ያን ጊዜ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነው ያደገው፤ ዳዊት ደግሟል፣ ዜማ ጀምሯል። ፈረስ ግን አያውቅም። ለእግዚአብሔር የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ከትምህርቱ ያስጠራሁትም እኔው ነኝ።

ፈረስ ሰጥተው ያስተማሩት የባሌ ታላቅ ወንድም ናቸው። የአገሩ ጎበዝ ሁሉ የሚለማመደው ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው ሜዳ ነበር። እሳቸውም ጉልበታቸው ስለማይታጠፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይጮኻሉ።

«አንተ ደብተራ! የቄስ በቅሎ ላይ ነህ እንዴ? ጉልበትህን ግጠም!»

«ገጠምሁ እኮ፣ አጎቴ።»

«ፈረሱ አልሰማም!»

ሜዳው ሙሉ ይስቃል። ልጄም ከወደቀበት እየተነሣ ይስቃል። እኔ አልስቅም። ጠዋት አውድማ ላይ ውዬ፣ ከቀትር በኋላ ለፈረሱ ገብስ ለልጄ ውሃ ተሸክሜ ስወርድ ሳቅ ከየት ይመጣል? እሱ በወደቀ ቁጥር ወገቤን የሚያመኝ እኔን ነበር።

እርካቡ ለእግር አውራ ጣት ብቻ የምትበቃ የብረት ቀለበት ናት። በባዶ እግር ነው የምትያዘው። ቤት ስንገባ የተላጠ ጣቱን ቅቤ እቀባለታለሁ።

«በጾም ቅቤ?» ይለኛል።

«ለአፍህ አልሰጠሁህም። ያምሃል?»

«አያመኝም።» ዓይኑን ግን ጨፍኗል።

አለቃው በታኅሣሥ መጨረሻ መጡ። የልጄ ተራ ደረሰ። በግራጫ ፈረስ የሚሸሸውን ሰው አሳድዶ ዘንጉን መወርወር ነበረበት። እንደዚያ ሲጋልብ አይቼው አላውቅም። አጎቱ ጉልበታቸውን ረስተው ተነሡ።

በሜዳው ዳር አንድ ዋርካ አለ፤ ጨዋታው እዚያ ያበቃል፣ ሁሉም ከዚያ ይመለሳል። የሚሸሸው ሰው ግን ሲጨንቀው ዋርካውን አለፈ። ልጄም ተከተለው። ከዋርካው ቀጥሎ ያለው የቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ነው። ሰውየው ደጁ ሳይደርስ ጠምዝዞ ዞረ። ልጄ ልጓሙን ሳበ፤ ወረደ፤ ደጁን ተሳለመ።

በቤተ ክርስቲያን ደጅ ፈረስ ላይ ተቀምጦ አይታለፍም። ሕፃን ሳለ ይህን ያስተማርሁት እኔ ነኝ።

ግንባሩን ከደጁ ሳያነሣ ያ ሰው ከኋላው መጥቶ ጀርባውን በዘንግ መታው። ሜዳው በሳቅ ተናጋ። አለቃው አስጠሩት።

«ጠላትስ እስክትሳለም ይጠብቅሃል?»

«አይጠብቀኝም፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ ለምን ወረድህ?»

«ደጁ ስለሆነ ነው።»

አለቃው ወደ እኛ ዞሩ። «ይህን ማን አሳደገው?»

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ» አልሁ።

ልጄንም ፈረሱንም አየት አየት አደረጉ። «ግልቢያው ደህና ነው። ከፊት ግን አላሰልፈውም። ስንቅ ከሚጠብቁት ጋር ይዝመት። የመሬቱን እኩሌታ ያዙ።»

የባሌ ወንድም ሊከራከሩ አፋቸውን ከፈቱ። እኔ ቀድሜ መሬት ስሜ እጅ ነሣሁ።

እኩሌታ መሬት እንዴት እንደሚያከርም ኋላ ብዙ አስቤበታለሁ። ያን ሰዓት ግን የታሰበኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ስንቅ ጠባቂ ከኋላ ነው የሚሄደው። ባሌ የሄደው ከፊት ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን ብዬ ሣሩ ላይ ተቀመጥሁ። ልጄ «እንሂድ፣ እናቴ» ሲለኝ «ቆይ፣ መጀመሪያ ጣትህን አሳየኝ» አልሁት።