ደመና ሲመጣ የምንነቅለው

እኛ ቤት አንድ ደንብ አለ። ሰማዩ ሲጠቁር ሶኬት ላይ የተሰካ ነገር ሁሉ ይነቀላል። ፍሪጁ፣ ማራገቢያው፣ ሬዲዮው፣ የስልኩ ቻርጀር። ትንንሹን ዕቃ ሰብስቤ ባዶ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ እከትና ክዳኑን ጫን አድርጌ እዘጋዋለሁ።

ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ጁባ ውስጥ ጉዴሌ የሚባለው ሰፈር በገባን በመጀመሪያው ክረምት መብረቅ ወርዶ የጎረቤታችንን ቴሌቪዥን አቃጠለበት። ሰውየው ሲያወራ አጠገቡ ቆሜ ሰምቻለሁ። መጀመሪያ እንደ ጅራፍ ጮኸ፣ ቀጥሎ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ አለ። ከዚያ ወዲህ ደመና ባየሁ ቁጥር እጄ ወደ ሶኬቱ ይሄዳል። ልጄ ትስቅብኛለች። ግን ከትንሽነቷ ጀምሮ ስታየው ስላደገች እሷም ሳታስበው ታደርገዋለች። ሱቅ ውስጥ ደንበኛ ይዞኝ ከሆነ ነቅላ፣ ሰብስባ፣ ቆርቆሮውን ዘግታ ትጠብቀኛለች።

ሱቃችን የቤታችን የፊት ክፍል ናት፤ ከመኖሪያችን የሚለያት መጋረጃ ብቻ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ፣ ለስላሳ፣ ዳቦ፣ ሳሙና እንሸጣለን። መብራታችን ጣሪያው ላይ ካለው ሶላርና ከአንድ ባትሪ ነው። ባለቤቴ ወደ ኡጋንዳ በሚወስደው የኒሙሌ መንገድ ከባድ መኪና ስለሚነዳ ብዙውን ጊዜ ቤት ውስጥ ያለነው እኔና እሷ ነን።

እሷ ሁለተኛ ደረጃ ጨርሳ ቤት ተቀምጣ ነበር። ካምፓላ ልኬ እንዳላስተምራት አቅም የለኝም። አቅሙ ቢኖረኝም መንገዱን እፈራለሁ። እኔ አራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፤ ስለዚህ ልጅ ቤት ሲቀመጥ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። የሱቄ ደንበኛ የሆነ አንድ አበሻ ኢንጂነር፣ በእርዳታ ድርጅት ውስጥ የሚሠራ፣ አሮጌ ላፕቶፕ ሰጣት። ውስጡ ያለው የዋይፋይ ካርድ ሞቶ ስለነበር፣ ከጎኑ የምትሰካ የጥፍር ያህል ትንሽ መቀበያ ጨመረላት። ኢንተርኔት የምናገኘው ከግቢው ባለቤት በዋይፋይ ነው። ያቺ መቀበያ ከሌለች ላፕቶፑ ደንቆሮ ነው።

ልጄ በዚያ ላፕቶፕ ብቻዋን ብዙ ተማረች። ሊኑክስ የሚባለውን ጫነችበት። ከዚያ አንድ ቀን ሱቅ መጥታ፣ የአንድ ዓመት የኮምፒውተር ትምህርት በርቀት፣ ያለ ክፍያ፣ ለቃለ መጠይቅ ተጠርቻለሁ አለችኝ። ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ በቪዲዮ። በመሀል እዚያው ኮምፒውተሯ ላይ እየጻፈች የምታሳያቸው ፈተና ስላለ በስልክ አይሆንም። በሰዓቱ ያልተገኘ ሰው ቦታው ለሌላ ይሰጣል።

ደስ አለኝ፤ ወዲያውም ፈራሁ። እኔ ሁለቱን ለያይቼ አላውቅም።

የእሷ ፍርሃት ደግሞ ዋይፋዩ ነበር። በየጥቂት ደቂቃው ይቋረጥባት ነበር። ኢንጂነሩን ስትጠይቀው፣ ችግሩ በአዲሱ ከርነል ተስተካክሏል፣ ግን ለዚህ ማሽን ራስሽ ማዘጋጀት አለብሽ አላት።

"ከርነል ደግሞ ምንድነው?" አልኳት፣ ዳቦ እየደረደርኩ።

"ከማሽኑ አካልና ከፕሮግራሞቹ መሀል የሚቆም ነው፣ እማዬ። አካሉ በአንድ ቋንቋ አይናገርም። ካሜራው የራሱ አለው፣ ድምፁ የራሱ አለው፣ ዋይፋዩም የራሱ። ድራይቨር የሚባለው አስተርጓሚያቸው ነው። ከርነሉ ውስጥ የዓለም ዕቃ ሁሉ አስተርጓሚ አለ።"

ይህ ገባኝ። ጁባ የመጣሁ ሰሞን ኮኞኮኞ ገበያ አንዲት ጎረቤቴን ካላስከተልኩ ሽንኩርት እንኳ መግዛት አልችልም ነበር። እሷ ከሻጯ ጋር ስትስቅ እኔ መሀል ቆሜ የሁለቱን ፊት አያለሁ። አስተርጓሚ የሌለው ሰው እንዴት እንደሚቆም ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም።

ማክሰኞ ጠዋት ሥራዋን ጀመረች። አዲሱን ከርነል አወረደች። ሁሉንም አስተርጓሚዎች ላስገባ ብትል ያ አሮጌ ማሽን ቀናት ይፈጅበታል። ኢንጂነሩ አቋራጭ አሳይቷት ነበር። አንድ ትእዛዝ አለ፤ በዚያች ሰዓት ሥራ ላይ ያሉትን ያያል፣ እነሱን ያስቀራል፣ የቀሩትን ያሰናብታል። ማሽኑም ቀለል ይላል።

ትእዛዙን ልትሰጥ ስትል ሰማዩ ጠቆረ። እኔ ሱቅ ነበርኩ። ፍሪጁን ስነቅል እሷ ላፕቶፑን አጥፍታ፣ ቻርጀሩንና መቀበያዋን ነቅላ ቆርቆሮው ውስጥ አስቀመጠች። እንደ ደንባችን። ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድብ ሥራ መፍታት ስላልወደደች ላፕቶፑን በራሱ ባትሪ አስነሳችው። ትእዛዙንም ያኔ ሰጠች። ዝናቡ ሲያባራ ቻርጀሩን መልሳ ሰክታ ኮምፓይል አስጀመረችው። ኮምፓይል ማለት የተጻፈውን ማሽኑ ወደሚገባው ቋንቋ መለወጥ ነው ብላኛለች። እስከ ረቡዕ ቀትር ሲለውጥ ዋለ፣ አደረ። ቦታ ስለጠበባት አሮጌውን ከርነል አጠፋችው።

"ምነው ጥቂት ብታቆዪው?" አልኳት።

"ቦታ የለም፣ እማዬ። ደግሞ አንቺ እኮ የተሰበረ ባልዲም ታስቀምጫለሽ።"

እውነቷን ነው፣ አስቀምጣለሁ።

አዲሱ ከርነል ሲነሳ ፈጣን ነበር። ጠርታ አሳየችኝ። ከዚያ ቆርቆሮውን ከፍታ መቀበያዋን አወጣችና ሰካቻት። ስትሰካ ሁልጊዜ የምትበራ አንዲት ሰማያዊ መብራት አለቻት። አልበራችም። ነቅላ በሌላኛው በኩል ሰካቻት። አልበራችም። ስልኩን በገመድ አገናኝታ በሱ ኢንተርኔት ለመሳብ ሞከረች። ላፕቶፑ ስልኩን ጨርሶ አላወቀውም።

ልጄ ስትደነግጥ አትጮህም። ፀጉሯን ወደ ኋላ ታስራለች፣ ትፈታለች፣ እንደገና ታስራለች። ሦስተኛ ጊዜ ስታስረው ስልኬን አነሳሁና ለኢንጂነሩ ደወልኩ። ለሥራ ቦር ከተማ ሄዶ ነበር።

"እትዬ፣ ሰላም ነው?"

"ሰላም ነው። ልጅቷ ልታናግርህ ነው።"

ስልኩ ድምፁ ከፍ ያለ ስለሆነ ሁሉንም እሰማ ነበር። የሆነውን ነገረችው።

"ትእዛዙን ስትሰጪ መቀበያዋ ተሰክታ ነበር?"

"ተሰክታ ነበር" አለች። ከዚያ ቀና ብላ ቆርቆሮውን አየችው። "አይ፣ ጋሼ። ዝናብ ነበር።"

"ዝናብና መቀበያ ምን አገናኛቸው?"

"እኛ ቤት ደመና ሲመጣ ሁሉም ነገር ይነቀላል።"

ሰውየው ሳቀ፤ ክፉ ሳቅ አልነበረም። "እንግዲያው ማሽኑ ምን ያድርግ? ዞር ብሎ አየ፣ የለችም። የለችም ማለት አታስፈልግም ብሎ አስተርጓሚዋን አሰናበተ። ዋይፋይ የሚባለውን ክፍል እንዳለ ዘግቶታል። የስልኩም እንደዚያው፣ ያኔ ስላልተሰካ።"

ያን ስሰማ ለላፕቶፑ አዘንኩለት። በእኛ ቤት እኮ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሜዳ ላይ የሚገኘው ቢጠፋም ግድ የማይሰጠን ነው። ፓስፖርታችን፣ የጋብቻ ቀለበቴ፣ የልጄ የትምህርት ማስረጃ፣ በጣም የሚያስፈልገን ሁሉ ተጠቅልሎ፣ ተቆልፎ፣ ከዓይን ርቆ ነው የሚቀመጠው። እንግዳ ገብቶ ቤቴን ቢያይ ያለኝ ባልዲና ወንበር ብቻ ይመስለዋል። ያ ማሽንም እንደዚያ እንግዳ ገብቶ አየን።

"አሁን ምን ይሻላል?" አለች ልጄ።

"ያወረድሽው የከርነሉ ምንጭ እጅሽ ላይ አለ፣ አላጠፋሽውም። ኢንተርኔት አያስፈልግሽም። ክፍሉን ክፈቺው፣ የመቀበያዋን ድራይቨር ምረጪ፣ እንደገና ኮምፓይል አድርጊ። ያለቀውን ስለማይደግም በዚያ ማሽን ግማሽ ቀን ያህል ይፈጃል። መብራት አላችሁ?"

እሷ እኔን አየችኝ። እኔ ፍሪጁን አየሁት።

ያን ቀን ባትሪው ደክሞ ነበር፤ ደመናው ፀሐይ ከልክሎናል። ሐሙስ ማለዳ፣ ገና ፀሐይ ጣሪያውን ስትነካ አስጀመረችው። ጽሑፉ በጥቁሩ ስክሪን ላይ መስመር በመስመር ወደ ላይ ይሮጥ ጀመር። ፍሪጁንም ላፕቶፑንም ባትሪው ቀኑን ሙሉ አይችልም። የፍሪጁን ገመድ ነቀልኩ። ደመና ሳይኖር ስነቅለው ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

ረፋዱ ላይ ቦዳቦዳ የሚባሉት የሞተር ታክሲ ነጂዎች መጡ። ሞተራቸው ላይ እንደተቀመጡ አንዱ ውሃ ጠየቀኝ። ጠርሙሱን ተቀብሎ ጉንጩ ላይ ለጠፈውና መልሶ አየኝ።

"ማማ፣ ሞዮ ባሪድ ማፊ?" ቀዝቃዛ ውሃ የለም ወይ ማለቱ ነው።

"ማፊ" አልኩት።

"ዛሬ ውሃውን ቀቅለሽ ነው የምትሸጪው? ሻይ ቅጠሉን ጨምሪበትና ዋጋውን ንገሪን" አለ። ጓደኞቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ልቤ ግን ከመጋረጃው ጀርባ ነበር። ሁለቱ ሞቃቱን ገዙ፣ ሌሎቹ ወደ ማዶው ሱቅ ሄዱ።

ከቀትር በኋላ ንፋስ ተነሳ። አቧራው መንገዱን ሸፈነና የሱቁ መዝጊያ ይንኳኳ ጀመር። ወጥቼ አየሁ። ሰማዩ ከወንዙ በኩል እንደ ከሰል ሆኖ እየመጣ ነው።

ወደ ውስጥ ገባሁ። ልጄ ወንበሯ ላይ እንዳለች ነበረች። መስመሮቹ ይሮጣሉ።

"ስንት ቀረው?"

"አይታወቅም። ብዙ አልቀረውም።"

"በራሱ ባትሪ አይጨርስም?"

"አይጨርስም፣ እማዬ። ባትሪው አርጅቷል፣ ግማሽ ሰዓትም አይቆይም። መሀል ላይ ከጠፋ ለዘጠኝ አልደርስም።" ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ "ከፈለግሽ ልንቀለው" አለች። እጇንም ወደ ሶኬቱ ዘረጋች። ከልቧ ነበር። ንቀዪው ብላት ኖሮ ትነቅለው ነበር።

ሩቅ ላይ ነጎደ። የጎረቤታችን ቴሌቪዥን ሽታ፣ እኔ ራሴ አሽትቼው የማላውቀው፣ አፍንጫዬ ውስጥ ነበር። ስለ ላፕቶፑ ብቻ አልነበረም ፍርሃቴ። እሷ ናት አጠገቡ የተቀመጠችው።

"ከዚያ ተነሺ" አልኳት። "እዚያ አልጋው ላይ ሆነሽ እይው። አትንኪው።"

"ይነቀል?"

"አይነቀልም።"

ማራገቢያውን፣ ሬዲዮውን፣ የስልኩን ቻርጀር ሰብስቤ ቆርቆሮው ውስጥ ከተትኩ፤ እጄ አንድ ነገር መንቀል ነበረበት። ከዚያ አልጋው ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ዝናቡ ወረደ። በጣሪያው ጩኸት መነጋገር ስለማይቻል ዝም ብለን መስመሮቹን አየን። በነጎደ ቁጥር እጇን እጨብጣለሁ፣ እሷም ትጨብጠኛለች። ጸሎት ጀምሬ የት እንደደረስኩ እየጠፋብኝ ከመጀመሪያው እመለስ ነበር። አንድ ጊዜ ብልጭታው ክፍሉን ነጭ አደረገው። መብራታችን ግን አልተነካም። መስመሮቹም አልቆሙም።

ዝናቡ ሳያባራ ቆሙ። ተነስታ ጫነችው፣ አጥፍታ አስነሳችው። መቀበያዋ በዚህ ጊዜ ከጠዋት ጀምሮ እንደተሰካች ናት። እኔ ስክሪኑን አላየሁም፤ ያቺን ጥፍር የምታህል ነገር ነው ያየሁት። ጥቂት ቆየች። ከዚያ ሰማያዊው መብራት በራ፣ ጠፋ፣ በራ።

"መጣች" አለች ልጄ። ፀጉሯን አስራ የአደባባይ ልብሷን ለበሰች።

ቃለ መጠይቁ ሲጀመር እኔ ከመጋረጃው ወዲህ ሱቅ ውስጥ ነበርኩ። እንግሊዝኛው አይገባኝም። ድምፁ እንዳይቋረጥ ብቻ ነበር የምሰማው። ሰውየው ይጠይቃል፣ እሷ ትመልሳለች፣ ቁልፎቹ ይንኳኳሉ። አንድ ደንበኛ ሳሙና ሊገዛ ሲገባ ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ በምልክት ሸጥኩለት። እሱም በምልክት ከፈለ፣ በጣቱ ጫፍ እየረገጠም ወጣ። አንድም ጊዜ አልተቋረጠም።

መልሱ ዘግይቶ መጣ። ተቀብለዋታል። አሁን ጠዋት ጠዋት ትማራለች፤ እኔም ፍሪጁን መቼ እንደምነቅል ከእሷ ጋር እነጋገራለሁ።

ደንቡ አልፈረሰም። ደመና ሲመጣ አሁንም እነቅላለሁ። ትምህርት ላይ ከሆነች ግን የእሷን ሶኬት አልነካም፤ ሱቁን ትቼ እዚያው አልጋ ላይ እቀመጣለሁ። ሥራ አላት፣ አታናግረኝም። መምጣቴን ግን ታውቃለች።

ባለፈው እሑድ ደግሞ ከርነሉን እንደገና ላዘጋጀው ነው አለች፣ አሁን ጥድፊያ ስለሌለ። አቋራጩን ትታ ዝርዝሩን አንድ በአንድ እየከፈተች ትመርጥ ነበር። አጠገቧ ተቀምጬ ምስር እለቅም ነበር።

"ማተሚያ ማሽን ይላል። ላስወጣው?" አለችኝ። "የለንም እኮ።"

"ቦታ ይይዛል?"

"ትንሽ።"

"ተይው፣ ይቀመጥ" አልኳት። "አሁን ነው የሌለን።"

ሳቀችና አስቀረችው። ወደሚቀጥለው ወረደች፣ ምን እንደሆነም አነበበችልኝ።