የተደፈነው ፍንጭት

የመጀመሪያ ሥራዬን የያዝኩት አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ ስሙን ማንም አንድ ጊዜ ሰምቶ በማይዘው ክፍል ነበር። ምን እንደምንሠራ ለእናቴ ለማስረዳት አንድ ሙሉ እራት ፈጅቶብኛል። ሰው የራሱ የሆነ ሥዕል ወይም መስቀል ወይም የብራና መጽሐፍ ይኖረዋል። ሕዝብ እንዲያየው ብሎ ለሙዚየም በውሰት ይሰጣል። ሙዚየሙ ያሳያል፣ ይጠብቃል፤ ንብረቱ ግን የሰጪው ነው። ዓመታት ሲያልፉ ውሰቱ ተረስቶ ዕቃው የሙዚየሙ እንዳይመስል፣ እንዳይበላሽ፣ እንዳይለወጥ የምንከታተለው እኛ ነን። እናቴ ሰምታ ሰምታ፣ «የሰው ዕቃ ጠባቂ ሆንሽ በይኛ» አለችኝ። እኔም «አዎ፣ እሱን ነው» አልኳት።

ደስታዬ ግን ልክ አልነበረውም። ጠዋት ጠዋት ከአቃቂ በባቡር ተሳፍሬ ለገሃር ስወርድ መላው ፉርጎ የመንግሥት ሠራተኛ መሆኔን እንዲያውቅልኝ እፈልግ ነበር። ቀሚሴ እንዳይጨማደድ ወንበር እያለ ቆሜ የሄድኩባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። ሁለት ወር ሙሉ የሠራሁት ወረቀት መብሳትና ፋይል ማሰር ብቻ መሆኑን ለማንም አልተናገርኩም።

አንድ ቀን የክፍላችን ኃላፊ ጠሩኝ። ፊታቸው ሲፈታ ማንም አይቶ የማያውቅ፣ ጡረታቸው የተቃረበ ሰው ነበሩ። ስስ ፋይል አቀበሉኝና፣ ባለንብረቷ ያሉት እናንተ ሰፈር ነው፣ የዘንድሮውን ምርመራ አንቺ ትሠሪዋለሽ አሉኝ። ከቢሮው የወጣሁት በእግሬ ይሁን በክንፍ አላስታውስም።

ባለንብረቷን ገና ፋይሉን ስገልጥ አወቅኋቸው። ባቡር ጣቢያው አጠገብ ካሉት የሠራተኛ ቤቶች በአንዱ የሚኖሩ፣ ሳቃቸው ሀዲዱን ተሻግሮ የሚሰማ አሮጊት ናቸው። ሟች ባለቤታቸው በባቡሩ ጋራዥ ውስጥ ፉርጎዎች ላይ ቁጥርና ፊደል የሚጽፉ ሰው ነበሩ። እሑድ እሑድ ደግሞ በራሳቸው ብሩሽ፣ አርጅቶ በተጣለ የጭነት ሸራ ላይ ሥዕል ይሥላሉ። ከሣሏቸው ሁሉ ትልቁ የራሳቸው ሠርግ ነው። ሚዜው፣ አጃቢው፣ ከኋላ የቆመው ባቡር፣ መሐል ላይ ካባ የደረበች ሙሽራ ጥርሷን ገልጣ ስትስቅ። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ አንድ የሥዕል መምህር ቤት ገብቶ ያየዋል፤ ሙዚየሙም ለምኖ በውሰት ይወስደዋል።

ቅጼን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ቅጹ ላይ «ሥራው በርክክቡ ወቅት በነበረበት ሁኔታ ላይ እንደሚገኝ ባለንብረቷ አረጋግጠዋል» የሚል ዐረፍተ ነገር አለ፤ ከሥሩ መፈረሚያ። አነበብኩላቸውና ብዕር አቀበልኳቸው። ብዕሩን ይዘው ትንሽ አሰቡ።

«ልጄ፣ ከሄደ ጀምሮ በዓይኔ አላየሁት። ያላየሁትን እንዴት ነው የማረጋግጠው?»

እኔም አሰብኩ። ከእኔ በፊት የመጡት በየዓመቱ አስፈርመው ሄደዋል፤ ይህን የጠየቀ የለም። ቅጹን ከላይ እስከ ታች ሳነበው ባለንብረት ሥዕሉን ሄዶ ማየት አይችልም የሚል ቃል አጣሁ። እንግዲያው ሐሙስ አብረን እንሄዳለን አልኳቸው።

ሐሙስ ጠዋት ነጭ ልብስ ለብሰው፣ ጥቁር ጃንጥላ ይዘው ጣቢያው ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ቲኬት ቆራጩ የባለቤታቸው ጓደኛ ኖሮ እጅ ነስቶ የመስኮት ወንበር ሰጣቸው። መንገዱን ሙሉ በአጠገባችን የሚያልፈውን ፉርጎ ቁጥር እየጠሩ የትኛውን ባለቤታቸው እንደጻፉት ነገሩኝ። አምስት ቁጥር ሲጽፉ ሆዱን ትልቅ ያደርጉት ነበር አሉ። እውነትም ሆዳም አምስቶች አየሁ።

ሙዚየሙ ውስጥ ከረባት ያሰሩ፣ ቁጥብ ሰው ተቀበሉን፤ የሙዚየሙ ኃላፊ ናቸው። የመሥሪያ ቤቴን ደብዳቤ ሲያዩ ፊታቸው ላይ ትንሽ ጥርጣሬ አለፈ፤ በዕድሜዬ ይመስለኛል። ሥዕሉ ፊት ስንደርስ አሮጊቷ ጃንጥላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ሙሽራዋን ከቅርብ ማየት ጀመሩ። እኔ ፋይሌን ከፍቼ ርዝመቱን፣ ወርዱን፣ ጥግ ላይ ያለችውን ቀዳዳ ማመሳከር ጀመርኩ።

«ይቺ እኔ አይደለሁም» አሉ።

የመጀመሪያ ምርመራዬ ነው፣ ሥዕሉም ተለውጧል! ራሴን ፍርድ ቤት ቆሜ ስመሰክር አየሁት። ኃላፊውም ከረባታቸውን ነካ ነካ አደረጉ። ሜትሬን ዘርግቼ እንደገና ለካሁ። ርዝመቱ ልክ ነው፣ ቀዳዳዋ አለች፣ የሠዓሊው ፊርማም በፋይሉ እንደተጻፈው ታችኛው ጥግ ላይ ነው። ሥዕሉ ያው ራሱ ነው አልኳቸው በሹክሹክታ።

«ሥዕሉማ ያው ነው» አሉና ወደ እኔ ዞረው ፈገግ አሉ። «አፌን እዪው።»

አየሁ። በሁለቱ የፊት ጥርሶቻቸው መሐል የስንዴ ፍሬ የምታሳልፍ የምታምር ፍንጭት አለች። ወደ ሥዕሉ ዞርኩ። የሙሽራዋ ጥርስ እንደ አዲስ አጥር ግጥም ብሎ ነጭ ነው።

ኃላፊው የሥዕል ጥገና ባለሙያቸውን አስጠሩ። መነጽር ያደረገ፣ ጣቶቹ ቀለም የነካቸው ወጣት መጣ። አምና ሥዕሉን ሲያጸዳ ጥርሷ ላይ ቀለም የተላጠበት ጥቁር ቦታ አግኝቶ በጥንቃቄ እንደሞላው በኩራት አስረዳን። ምን ያህል እንደተጠነቀቀ ሲናገር ከንፈሬን ነከስኩ። አልያዘልኝም፤ በአፍንጫዬ የወጣው ድምፅ የመንግሥት ሠራተኛ ድምፅ አልነበረም።

አሮጊቷ ግን አልሳቁም። «ልጄ» አሉት፣ «ባለቤቴ ያገባኝ በዚች ፍንጭቴ ነው። አንድ ሙሉ እሑድ የደከመው ለእሷ ብቻ ነበር።»

ወጣቱ የሳቸውን አፍ አየ፣ ሥዕሉን አየ፣ ከዚያ መነጽሩን አውልቆ መጥረግ ጀመረ። ኃላፊው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ነገሩ ጥቃቅን ነው፣ እንዲያውም ለተመልካች ሳያምር አልቀረም አሉ። ያን ጊዜ ከየት እንደመጣብኝ የማላውቀው ድፍረት ያዘኝ። ፋይሉ ውስጥ ያለውን የውሰት ውል አውጥቼ፣ ያለ ባለንብረቱ ፈቃድ በሥራው ላይ ምንም ዓይነት ለውጥ አይደረግም የሚለውን አንቀጽ ጮክ ብዬ አነበብኩ። እስከ አራት ነጥቡ ድረስ አንድ ቃል አልዘለልኩም። አሮጊቷ ክንዴን ጨበጥ አደረጉኝ።

ቢሮ ተመልሼ ሪፖርቱን ስጽፍ ከታይፕ ጸሐፊያችን ጋር ግማሽ ቀን ተከራከርን። እሷ «ፍንጭት» የሚል ቃል በመንግሥት ደብዳቤ ጽፋ አታውቅም። «በሁለት የላይኛው የፊት ጥርሶች መካከል የሚገኝ ክፍተት» ብላ ስትጽፈው ደግሞ የአጥር ግንባታ መሰለ። በመጨረሻ ለኃላፊያችን አቀረብነው። በቀይ እስክሪብቶ «የተደፈነው የተፈጥሮ ፍንጭት ወደ ነበረበት እንዲመለስ» ብለው አስተካክለው ፈረሙበት። ማኅተም መቱ። ከዚያ ይቅርታ ጠይቀውን ወደ ኮሪደሩ ወጡ፤ እኔና ጸሐፊዋ በሩ ላይ ጆሯችንን ለጥፈን ሲስቁ ሰማናቸው። እንደ ልጅ ነበር የሚስቁት።

ሙዚየሙ መልስ ጻፈ። ለማረም ዝግጁ ነው፤ ሆኖም ድሮ የተነሣ ፎቶግራፍ ስለሌለ የፍንጭቱን ስፋት የሚያሳይ ማስረጃ እንዲቀርብለት ይጠይቃል። ኃላፊያችን ለዚህ አንድ መስመር መለሱ፦ ማስረጃው በሕይወት ያለ ሲሆን አድራሻው አቃቂ ነው።

እናም ያ ባለ መነጽር ወጣት እርሳስና ወረቀት ይዞ በባቡር መጣ፤ እኔ ደግሞ ሥራውን እንድቆጣጠር ታዘዝኩ። አሮጊቷ ደጃፋቸው ላይ በርጩማ አውጥተው ፊት ለፊቱ ተቀመጡ። እሱ ጥርሳቸውን አሳዩኝ ይላል፤ እሳቸው ያሳዩና ሳቅ ያመልጣቸዋል፤ ሲስቁ ደግሞ ያሠመረው ይበላሻል። ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ ከበበን። አንዲት ሴት የራሷም ፍንጭት ከተፈለገ ፈቃደኛ መሆኗን ተናገረች። ወጣቱ አንገቱ ድረስ ቀልቶ አራት ወረቀት ካበላሸ በኋላ አምስተኛው ተሳካለት። ሲነሣ ጎንበስ ብሎ ይቅርታ ጠየቃቸው፤ ሠዓሊው አስቦ የሣለውን ብልሽት ነው ብዬ ደፈንኩት አላቸው። እሳቸውም፣ «አንተ ደግሞ ጥርስ ሙሉ ይሁን ብለህ እንጂ በክፋት አይደለም» ብለው አገጩን ይዘው ሳሙት።

ወጣቱ ሙዚየሙ ተመልሶ ነጩን ቀለም በጥጥ እያራሰ ሲያነሣው ከሥሩ ዋናው ጥቁር ሳይነካ መገኘቱን በስልክ ነገረኝ። ስልኩን ስዘጋ ወንበሬ ላይ ዘልዬ ነበር፤ ጸሐፊዋ ምስክር ናት።

ለመጨረሻው ምርመራ ስንሄድ አሮጊቷ ብቻቸውን አልመጡም። የሠራተኛ ቤቶቹ ሴቶች በሙሉ ተከትለዋቸው ግማሽ ፉርጎ ሞላን። የሙዚየሙ ኃላፊ በር ድረስ ወጥተው ያለ መግቢያ ክፍያ አስገቡን። አሮጊቷ ሥዕሉ ፊት ቆሙ። መጀመሪያ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ከዚያ ነጠላውን ለቀቁትና ሙሽራዋ እንደሳቀችው ሳቁ፤ አዳራሹ ውስጥ የነበረው ተመልካች ሁሉ ወደ እኛ ዞረ።

ቅጹ ላይ ፈረሙ። ውሰቱን አራዘሙ፤ ግን አንድ ነገር አስጨመሩ፦ በየዓመቱ መጥተው በዓይናቸው ሳያዩ እንደማይፈርሙ። ኃላፊያችን ይህን በሌሎቹም ቅጾች ላይ አስገቡት። ከዚያ ወዲያ ስንት ባለንብረት ይዤ በስንት ሙዚየም እንደዞርኩ እግዜር ይወቀው።

የዚያን ዕለት ስንመለስ ባቡሩ ከለገሃር እንደተነቃነቀ አንዷ ሴት የሠርግ ዘፈን አነሳች። ሌሎቹ ተቀበሉ። ቲኬት ቆራጩ ጸጥ እንድንል ሊነግረን መጥቶ እዚያው እያጨበጨበ ቀረ። ቃሊቲን ስናልፍ እኔም መሐል ገብቼ ስጨፍር ነበር።

በማግስቱ ድምፄ ተዘግቶ ቢሮ ገባሁ። ኃላፊያችን ምርመራው እንዴት አለቀ ብለው ሲጠይቁኝ አፌን ከፈትኩ፤ ምንም አልወጣም። ከጠረጴዛቸው ላይ ወረቀት ቀድጄ «ልክ ነው» ብዬ ጻፍኩላቸው። እሳቸውም አንብበው፣ ቀን ጻፉበትና ለመዝገብ ቤት መሩት።