አባቴ የመረጠው ዘንግ

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ሲንጀሩን ነቀምት ገበያ ጫፍ፣ ከአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ አስቀምጦ ሲሰፋ ይውላል። ሸዋ ተወልዶ በወጣትነቱ የመጣ ሰው ቢሆንም፣ ከደንበኞቹ ጋር በኦሮምኛ ሲከራከር ለሰማው የወለጋ ልጅ ይመስል ነበር። ከሥራው ሌላ የሚወደው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ዓሣ ማጥመድ። ሥራ ሲቀዘቅዝ ከጎረቤታችን ከሽማግሌው ነጋዴ ጋር በአውቶቡስ ዲጋን አልፎ ዴዴሳ ወንዝ ይወርድና፣ ፀሐይ ያቃጠለው ፊቱ እየሳቀ ይመለሳል።

ታላቅ ወንድሜ ባሕር ኃይል ገብቶ ምጽዋ ላይ የመርከብ ሞተር መካኒክ ሆኖ ነበር። እኔ ያን ጊዜ ነቀምት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። አንድ ክረምት ወንድሜ ለፈቃድ ሲመጣ በሸራ የተጠቀለለ ረጅም ዕቃ ይዞ መጣ። አባቴን በጥር ዕረፍት ምጽዋ ሊወስደው፣ ጀልባ ላይ አስቀምጦ የባሕር ዓሣ ሊያስይዘው አስቧል። የሚያውቀው የምጽዋ ነጋዴ ሁለት ዓይነት የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ አውሶታል፤ አባቴ የወደደውን ይመርጣል፣ የቀረው ይመለሳል።

በረንዳው ላይ ሸራውን ፈታው። አንደኛው ዘንግ ረጅምና ቀጭን ነበር፤ ከእሱ ጋር ትንሽ፣ የምታብረቀርቅ የክር ማጠንጠኛና ቀጭን ናይለን ክር አለ። ሁለተኛው ዘንግ አጭርና ደልደል ያለ ነው። ማጠንጠኛውም ትልቅና ከባድ፣ ጎኑ ላይ ፍሬን ያለው ሲሆን፣ ወፍራም ክር እስከ አፉ ድረስ ተጠምጥሞበታል።

አባቴ አጭሩን አንስቶ አንድ ጊዜ ወዝወዝ አደረገና አስቀመጠው። በሬ መንጃ ነው አለ፤ ዓሣ ቢነካው ለእጅ አይናገርም። ቀጭኑን ሲያነሳ ግን ፊቱ በራ። ጫፉ በትንሽ ነገር ይርገበገባል። ወንድሜ ቀስ ብሎ አስረዳው። ባሕር ላይ ተቀምጦ መጠበቅ የለም፤ ጀልባው እየሄደ ነው ክሩ ከኋላ የሚጎተተው፤ ዓሣው በሩጫ መጥቶ ይመታዋል፤ ያን ጊዜ የሚያስፈልገው ብዙ ክር የሚይዝና በፍሬን እየተቆጣጠረ የሚለቅ ማጠንጠኛ ነው፤ ትንሿ በአንድ ሩጫ ባዶዋን ትቀራለች።

አባቴ ቀጭኑን ክር በጥርሱ ነክሶ፣ በሁለት እጁ ጠቅልሎ ሳበው። አልተበጠሰም።

"ክር ለእኔ ልታስተምረኝ ነው?" አለ እየሳቀ።

ሽማግሌው ጎረቤታችን ከሱቁ ደጃፍ ሆኖ ያይ ነበር። "ኦቦ፣ ባሕሩን ያየው ልጁ ነው፤ ቢሰሙት ይሻላል" አለው። አባቴ መልስ በመስጠት ፈንታ የሽማግሌውን በቅሎ አስመጣና ክሩን ኮርቻዋ ላይ አሰረ። በቅሎዋ በእርጋታ ስትሄድ ቀጭኑ ዘንግ እንደ ቀስት ተለመጠ፤ ማጠንጠኛዋ ክሩን እየዘመረች ለቀቀች። ገበያተኛው ቆሞ ሳቀ፣ አጨበጨበ። ወንድሜም ሳቀ። ከዚያ በኋላ የትልቁ ማጠንጠኛ ነገር አልተነሳም።

በጥር ወንድሜ መጥቶ ሦስታችን ምጽዋ ሄድን። አባቴ ባሕር ሲያይ የመጀመሪያው ነበር። ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ። የጀልባው ባለቤት የምጽዋ ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ ዘንጉን አየና ለወንድሜ በዓረብኛ አንድ ነገር ነገረው። ወንድሜ አልተረጎመልንም።

ረፋዱ ላይ፣ የብሱ ከኋላችን እየቀጠነ ሳለ፣ ዘንጉ ድንገት ውኃው ድረስ ጎበጠ። አባቴ በጉልበቱ ተንበርክኮ ያዘው። ማጠንጠኛዋ የምታሰማው ድምፅ ነቀምት ካሰማችው ጋር ምንም አይገናኝም፤ ትጮህ ነበር። አጥማጁ ጀልባውን ወደ ዓሣው ሊያዞር ሞከረ፤ ዓሣው ግን ቀደመው። ማጠንጠኛዋ ላይ የቀረው ክር እየሳሳ ሄዶ ብረቷ ታየ።

"ሊያመልጠኝ ነው" አለ አባቴ። እንደ ልጅ ነው ያለው።

ወንድሜ ሸሚዙን አወለቀ፣ ቀኝ እጁ ላይ ጠመጠመና ክሩን ያዘ። ምን እንዳሰበ አውቃለሁ፤ ጀልባው እስኪዞር ለጥቂት ጊዜ ብቻ ሊያቆየው ነው። ሸሚዙ ተንሸራተተ። ክሩ በባዶ ጣቶቹ ላይ ዞረ፤ ዓሣውም ጠለቀ። ክሩ የተበጠሰው ዘግይቶ ነው። ወንድሜ ጀልባው ወለል ላይ ቁጭ ብሎ እጁን ደረቱ ላይ ያዘ። አባቴ ዘንጉን ባሕር ውስጥ ጥሎ ደሙን ሊያቆም የወንድሜን እጅ በነጠላው ጠመጠመ።

ሐኪሞቹ ቁስሉን ሰፉት፤ ጅማቱ ግን ተቆርጦ ነበር። የቀለበት ጣቱና ትንሿ ጣቱ ዳግመኛ አልታጠፉም። መፍቻ አጥብቆ መያዝ ስላልቻለ ከመርከብ ሥራ ወጣ። ነቀምት ተመልሶ ጥቂት ከቆየ በኋላ ዲጋ ላይ ከአንድ ሰው ጋር ወፍጮ ቤት ከፈተ። እጁን ምን እንዳገኘው ለሚጠይቀው ሁሉ፣ ሞተር ነው የያዘኝ ይል ነበር። ወንድሜ ነቀምት በመጣ ጊዜ አባቴ በረንዳው ላይ ሆኖ ይህን ሲሰማ ሲንጀሩን ያቆማል፤ ጠያቂው እስኪሄድ ቀና አይልም።

ዴዴሳ መውረድ ተወ። ሽማግሌው መጥቶ ሲጠራው፣ ያልተሰፋ ልብስ አለብኝ እያለ ይሸኘዋል። ከወንድሜ ጋር ስለ እህል፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ወፍጮው ቀበቶ ያወራሉ። ስለዚያ ቀን ግን ምንም። እኔም መሐላቸው ተቀምጬ ሻይ እቀዳለሁ። አንድ ቀን ከአባቴ ጋር ብቻችንን ሳለን፣ መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር እያስገባ፣

"እምቢ ቢለኝ ምን ነበረበት?" አለኝ።

"እርስዎን?" አልኩት።

ክሩን ማስገባት አቅቶት ለእኔ ሰጠኝ።

ወንድሜ ያገባ ቀን ከቤት ሊወጣ ሲል ሚዜዎቹ አጅበውት ነበር። የሸሚዙ እጅጌ ቁልፍ አልገባ ብሎት ሲታገል አየሁ። አባቴ ሚዜዎቹን ገፋ አድርጎ ገባ፣ የወንድሜን እጅ ያዘና ቁልፉን አስገባለት። ከገባም በኋላ እጁን አልለቀቀም። የማይታጠፉትን ሁለት ጣቶች በመዳፉ ውስጥ ይዞ ቆመ። ወንድሜ አንገቱን ደፋ። አንድ ነገር ሊባባሉ ነው ብዬ ጠበቅሁ፤ ነገር ግን ውጭ መኪናው ጥሩምባ ነፋ፣ ሚዜዎቹም "እንሂድ፣ ረፈደ" አሉ። አባቴ የወንድሜን ኮት ትከሻ አራገፈና መንገድ ለቀቀለት።

በተከታዩ ዓመት አባቴ አረፈ።